80 ሰዓት በሜኮንግ ደልታ፦ የቬትናም መምህራንን እንግሊዝኛ ያስተማርኩበት ክረምት

ክፍሉ ውስጥ 31 መምህራን ነበሩ፤ ከእነርሱም 26ቱ ሴቶች። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ በቬትናም ትምህርት የሚጀመረው ሙቀቱ ሳይበረታ ነው። ስገባ ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነሡ። ዐይናቸው ግን እኔ ላይ አላረፈም፤ በትከሻዬ ላይ አልፎ በሩን ያያል። ከአሜሪካ የእንግሊዝኛ መምህር እንደሚመጣ ተነግሯቸዋል፤ የገባው ደግሞ ፀጉሩ የሸበተ ሐበሻ ነው። ከፊት ረድፍ የተቀመጠች ወጣት መምህርት በትሕትና፣ «አሜሪካዊው መምህር መቼ ይመጣሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። የመጣሁት እኔ ብቻ መሆኔን ስነግራት በሐፍረት አንገቷን ደፋች። አልተቀየምኳትም። ለዓመታት የታዩአቸው የቋንቋ ትምህርት ቤት ማስታወቂያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት ነበር የሚያሳዩት።

ይህ የሆነው በጁላይ 2013 ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቦታው ደቡብ ቬትናም፣ በሜኮንግ ወንዝ ደልታ የምትገኝ የአንድ ክፍለ ሀገር ከተማ ነች። ሥራው የበጎ ፈቃድ ነበር፦ የአውሮፕላን ትኬቱን ከኪሴ ገዛሁ፤ መኝታና ምሳ የመምህራን ማሠልጠኛው ቻለ። በውጭ ሀገር የሚኖሩና ጡረታ የወጡ ወገኖቼ ስለዚህ ዓይነት ሥራ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ጉዳዩን ከነስሕተቴ ልጽፈው ወሰንኩ። ለሠልጣኞቹ ክብር ስል የሰውም ሆነ የተቋም ስም አላነሣም።

መምህራኑ ለምን ተጨነቁ

የቬትናም ጠቅላይ ሚኒስትር በሴፕቴምበር 30 ቀን 2008 ቁጥር 1400 የተባለውን ውሳኔ ፈረሙ። ውሳኔው የውጭ ቋንቋ ትምህርትን እስከ 2020 ከሥር መሠረቱ ለመለወጥ የወጣ ሲሆን፣ 9,378 ቢሊዮን ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ታቅዶለት ነበር። ልጆች ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ የውጭ ቋንቋ በግዴታ ይማራሉ ተባለ፤ ይህም በተግባር እንግሊዝኛ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሀገሪቱ በ1986 «ዶይ ሞይ» በተባለው ለውጥ ኢኮኖሚዋን ከፈተች፤ በ1995 ከአሜሪካ ጋር ግንኙነቷን አደሰች፤ በዚያው ዓመት እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋው ወደሆነው የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር ገባች፤ በ2007 ደግሞ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች። ፋብሪካውም ሆቴሉም ወደቡም እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ይፈልግ ነበር።

ዕቅዱ መጀመሪያ ያረፈው መምህራኑ ላይ ነው። አውሮፓውያን ቋንቋን ከኤ1 እስከ ሲ2 በስድስት ደረጃ በሚለኩበት ሚዛን የአንደኛና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር ቢ2፣ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር ደግሞ ሲ1 መድረስ አለበት ተባለ። ከ2011 ጀምሮ ሲፈተኑ አብዛኞቹ ከሚጠበቅባቸው በታች ሆነው ተገኙ። ወሬው በጋዜጣ ወጣ፤ ወላጆች አነበቡት፤ ተማሪዎችም እንዲሁ። 31ዱ ሠልጣኞቼ ወደ ክፍል የመጡት ይህንን ውርደት ተሸክመው ነው።

እኔ ስንፍናቸው ነው የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ የሀገሪቱ ዋና የውጭ ቋንቋ ሩሲያኛ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የሩሲያኛ መምህራን ብዙዎቹ እንደገና ሠልጥነው እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ ተደረገ። በእኛም ሀገር በደርግ ዘመን ስንቱ ወጣት ሩሲያኛ ተምሮ ከሞስኮ ከተመለሰ በኋላ ቋንቋው ሥራ ፈትቶበት እንደቀረ የምናውቅ እናውቃለን። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ወጣቶችም ቢሆኑ የተማሩት ከሰዋስው መጽሐፍ ነው፤ ቋንቋውን ከሚናገር ሰው ጋር ሳይነጋገሩ ዲፕሎማ የያዙ ነበሩ። ክፍላቸው 45 ተማሪ ይይዛል። ማታ ደግሞ ደመወዙ ስለማይበቃ ቤታቸው ያስጠናሉ።

ከደብረ ማርቆስ እስከ ሜኮንግ

ለምን እኔ? በሰሜን ቨርጂኒያ ለብዙ ዓመታት ለአዋቂ ስደተኞች የማታ እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። ኤደን ሴንተር የሚባለው የቬትናሞች የገበያ ማዕከል ከሐበሻው ሰፈር ብዙም ስለማይርቅ ክፍሌ ውስጥ ሁልጊዜ ቬትናሞች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ነው ስለ ክረምቱ ሥልጠና የነገረኝ።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ታሪክ አለ። የአሜሪካው የሰላም ጓድ፣ እኛ «ፒስ ኮር» የምንለው፣ በ1962 ከ270 በላይ መምህራን ይዞ ኢትዮጵያ ገባ። እኔ በ1968 ደብረ ማርቆስ 9ኛ ክፍል ስገባ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ያን ጊዜ የእርሱ እኩዮች ወደ ቬትናም ጦርነት ይላኩ ነበር፤ በፒስ ኮር የሚያገለግል ወጣት ደግሞ የውትድርና ጥሪው ለጊዜው ይዘገይለታል። እኛ ይህን ያወቅነው ቆይተን ነው፤ በተማሪዎች ሰልፍ ላይ የሆ ቺ ሚን ስም መጠራት ሲጀምር። መምህሬ ጎበዝና ትጉህ ሰው ነበር፤ ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሄደ፤ እኛም ለሳምንታት ያለ እንግሊዝኛ መምህር ተቀመጥን። አጠገቡ ቆሞ አብሮ ያስተማረ ኢትዮጵያዊ ስላልነበረ ሥራውን የሚረከብ አልተገኘም። ወደ ቬትናም ተማሪዎችን ሳይሆን መምህራንን ለማስተማር ብቻ እንደምሄድ የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰሌዳው ላይ ስሜን በግዕዝ ፊደል ጻፍኩ። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም እንደሌለው፣ በራሱ ስም «አቶ እገሌ» ተብሎ እንደሚጠራ ስነግራቸው ክፍሉ ነቃ፤ እነርሱም የቤተሰብ ስማቸውን ከፊት ይጻፉት እንጂ የሚጠሩት በራሳቸው ስም ነው። እንግሊዝኛን እንደ እነርሱ በትምህርት ቤት፣ በሰዋስው እንደተማርኩ፣ ዛሬም ስደክም «እስትሪት» እንደምል ነገርኳቸው። የጠዋቷ ወጣት መምህርት ያን ጊዜ ቀና አለች። «ታዲያ እንዴት ለመዱት?» ስትል ጠየቀች። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበትን ሰው ይህን ጥያቄ አትጠይቀውም ነበር።

ሒሳቡ

አራት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፤ በድምሩ 80 ሰዓት። በአውሮፓውያኑ የቋንቋ ሚዛን ከአንድ ደረጃ ወደ ሚቀጥለው ለመውጣት ግን በተለምዶ 200 ሰዓት ያህል የተመራ ትምህርት ያስፈልጋል። ማሠልጠኛው የፈለገው ደረጃቸውን ከፍ እንዳደርግ ነበር። እንደማይቻል በግልጽ ነገርኳቸው፤ ኃላፊው ቅር ቢላቸውም ሰሙኝ።

በምትኩ የያዝነው የክፍል ቋንቋን ነው። መምህራኑ በየቀኑ በቬትናምኛ ለተማሪዎቻቸው የሚሉትን ሁሉ ጻፉ፦ መጽሐፋችሁን ግለጡ፣ አጠገብህ ካለው ጋር ተነጋገር፣ እጅህን አውጣ፣ ማነው የቀረው፣ ድገሚው፣ ጨርሳችኋል። ከ60 የሚበልጡ ዐረፍተ ነገሮች ተሰበሰቡ። እነዚህን በእንግሊዝኛ ሳይፈሩ የሚናገር መምህር የቢ2 ፈተና ባያልፍም፣ ተማሪው በየቀኑ የሚሰማው እውነተኛ እንግሊዝኛ ይኖረዋል። ጠዋት እነዚህን እንለማመዳለን፤ ከቀትር በኋላ እያንዳንዱ ተራ በተራ ለጓደኞቹ የ10 ደቂቃ ትምህርት ይሰጣል። በመካከሉ ምሳና ረጅም የቀትር ዕረፍት አለ፤ ሀገሩ በሙሉ ጋደም ይላል። 9 ሰዓት ገደማ ዝናቡ ይመጣል። የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ የሰው ድምፅ አይሰማም፤ የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ያን ሰዓት ለጽሑፍ መደብነው።

ከሁሉም የከበደን የቃላት ማብቂያ ድምፅ ነው። ቬትናምኛ ቃልን የሚዘጋባቸው ተነባቢዎች ጥቂት ናቸው፤ ስ፣ ዝ፣ ሽ፣ ች፣ ል፣ ፍ በቃል መጨረሻ አይመጡም፤ የሚመጡት ፕ፣ ት፣ ክም ሳይፈነዱ አፍ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ «ራይስ»፣ «ራይት»፣ «ራይድ» ሦስቱም ወደ አንድ «ራይ» ይጠጋሉ። ጉዳቱ ከድምፅ አልፎ ወደ ሰዋስው ይገባል፦ የእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር፣ ኃላፊ ጊዜና የሦስተኛ መደብ ምልክት ሁሉ ቃል መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ፈታኙ «ሰዋስው አይችልም» ብሎ የሚቀንስበት ሰው አንዳንዴ ሰዋስዉን ያውቀዋል፤ የማይወጣለት ድምፁ ነው።

ለቀናት ወረቀት ከአፋችን ፊት ይዘን ትንፋሻችንን እያየን ተለማመድን። ድምፁ ብቻውን ሲሆን ይወጣል፤ በንግግር መካከል ይጠፋል። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ያቺው ወጣት መምህርት እጇን አወጣችና ሰሌዳው ላይ «ላይክ ኢት» የሚለውን ጻፈች፤ ከዚያ አጥፍታ «ላይ ኪት» ብላ ከፈለችው። ክ በቃል መጨረሻ ያስቸግራል፤ በመጀመሪያ ግን ለማንም ቬትናማዊ ቀላል ነው። ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ከጀመረ የማብቂያውን ድምፅ ወደ እርሱ ማሻገር ይቻላል ማለቷ ነው። ክፍሉ ወዲያው ሞከረው፤ «ዚስ ኢዝ» የሚለው «ዚ ሲዝ» ሆኖ ጥርት ብሎ ወጣ። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም በተፈጥሮ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። 30 ዓመት ሳስተምር ለቬትናሞች እንዲህ ብዬ ማስረዳት እንደሚቻል አላሰብኩም ነበር። በቀሪዎቹ ሳምንታት የድምፅ ትምህርቱን እርሷ መራችው፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ስሕተቴ

ከሠልጣኞቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡትን መምህርት «ኮ ሃይ» እያልኩ ልጥራቸው። «ኮ» ሴት መምህርት የምትጠራበት ነው፤ «ሃይ» ደግሞ ሁለት ማለት ሲሆን፣ በደቡብ ቬትናም የበኩር ልጅ የሚጠራበት ነው፤ የልጆች ቁጥር በአንድ አይጀምርም። ኮ ሃይ የተማሩት ሩሲያኛ ነበር፤ እንግሊዝኛን የጀመሩት ካገቡና ከወለዱ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። ያን ጊዜ ሴት መምህርት ጡረታ የምትወጣው በ55 ዓመቷ ስለነበር ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። እንግሊዝኛቸው ደካማ ነበር። ማስተማር ግን ያውቃሉ። ሰሌዳውን ሲከፍሉት፣ ዝም ያለውን ተማሪ ሲያገኙት፣ ጥያቄ ጠይቀው ሲጠብቁ የሚያይ ሰው መምህር ምን እንደሆነ ይማራል።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ተራው የእርሳቸው ነበር። «ሺ ጎዝ» ማለት ሲገባቸው «ሺ ጎ» አሉ። አስቆምኳቸው። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው፤ በደገሙት ቁጥር ድምፃቸው እየወረደ ሄደ። ከኋላ ረድፍ የተቀመጡ ሁለት ሠልጣኞች በልጅነታቸው የእርሳቸው ተማሪዎች ነበሩ፤ ይህን እኔ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁምም። በመጨረሻ ዝቅ ብለው «ያ» አሉና ተቀመጡ። «እሺ ገባኝ» ያሉ መሰለኝ። «ያ» ግን እንደ እኛ «አቤት» ነው፦ በአክብሮት ሰምቻለሁ ማለት ነው እንጂ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም።

በማግሥቱ ወንበራቸው ባዶ ነበር።

በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት አንድ ኢንስፔክተር በተማሪዎቼ ፊት አርሞኛል። ምን እንዳረመኝ እንኳ አላስታውስም፤ የተማሪዎቹን ዐይን ግን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ይሉኝታን ከሚያውቅ ሕዝብ ወጥቼ፣ በሰው ፊት መዋረድን እንደ ሞት በሚያይ ሕዝብ መካከል ያንኑ በደል ደገምኩት። ስለ ቬትናም ባህል አለማወቄ ምክንያት አይሆንም፤ የማውቀውን ነው የረሳሁት።

የክፍሉን አለቃ አማከርኳት፤ በቬትናም የአዋቂዎች ክፍልም አለቃ ይመርጣል። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ስላት ከለከለችኝ፤ ጎረቤት ያያል፣ ነገሩ ይገፋል አለች። ደብዳቤ በእጄ ጻፍኩ፤ እርሷ አደረሰችው። ዓርብ ጠዋት ኮ ሃይ መጡ። በሁሉም ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብቻ መለሱ፦ «ትናንት ዝናቡ በጣም ከባድ»። ግሡ ጎድሏል። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ጠብታ እንኳ አልዘነበም፤ ይህን በክፍሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም አዎን፣ ከባድ ዝናብ ነበር አለ፤ እኔም አልኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ የእርማት ሥርዓቱ ተለወጠ። እያንዳንዱ መምህር በሳምንቱ መጀመሪያ እንዲታረምለት የሚፈልገውን አንድ ነገር በትንሽ ወረቀት ይጽፋል፤ አንድ ጓደኛው ያንን ብቻ ይከታተልና ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ለብቻው ይነግረዋል። ሌላው ስሕተት ይታለፋል። ኮ ሃይ በሦስተኛው ሳምንት የጻፉት የሦስተኛ መደብን «ስ» ነበር።

ከዚያ በኋላ

እነዚያን 80 ሰዓታት ዛሬ ስመዝን የምጸጸትበት ሌላም ነገር አለ፦ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት በራሴ የትምህርት ዕቅድ አባከንኳቸው። መጀመሪያ ክፍላቸውን ማየት፣ ቢያንስ መጽሐፋቸውን ማንበብ ነበረብኝ። የቬትናም የትምህርት ዘመን በሴፕቴምበር 5 ተከፍቶ በሜይ መጨረሻ ስለሚዘጋ በክረምት የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ተማሪ ያለበት ክፍል አያይም። ዛሬ ብሄድ በሜይ ሁለት ሳምንት ቀድሜ ደርሼ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። ለመሄድ የሚያስቡ ወገኖቼ ሲጠይቁኝም አስቀድሜ የምነግራቸው ይህን ነው። ቀጥዬ ደግሞ ስትመለሱ ሥራውን ማን እንደሚረከብ ጠይቁ እላለሁ፤ መልስ ከሌለ ትኬቱን አትግዙ። ለመምህራኑ ምትክ ሆናችሁ ተማሪዎችን እንድታስተምሩ ከተጠየቃችሁም እምቢ በሉ። በአነጋገራችሁ ሐበሻነታችሁ ይታወቃል ብላችሁ ግን አትፍሩ። እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የተማረ ሰው ጉድጓዱ የት እንዳለ ያውቃል።

መምህራኑ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተፈተኑ። ጥቂቶቹ አለፉ፤ አብዛኞቹ አላለፉም፤ እኔም ሌላ ነገር አልጠበቅሁም። ዕቅዱ በሀገር ደረጃ ግቡን እንዳልመታ የትምህርት ሚኒስትሩ በኖቬምበር 2016 ለብሔራዊ ምክር ቤቱ በግልጽ ተናገሩ፤ በ2017 መጨረሻም ታርሞ እስከ 2025 ተራዘመ። ያው ፒስ ኮር በ2016 ከቬትናም ጋር ስምምነት ተፈራርሞ የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች በ2022 ገቡ። በሃኖይ ትምህርት ቤቶች ከቬትናማዊ መምህር ጋር ጎን ለጎን ቆመው እንዲያስተምሩ መመደባቸውን ሳነብ ደብረ ማርቆስን አሰብኩ።

ከ31ዱ 14ቱ እኔ ከሄድኩ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ቡና ቤት መሰብሰብ ጀመሩ። ኩባያው ላይ ከተደፋች ትንሽ የብረት ማጥለያ ቡናው ጠብ ጠብ እያለ እስኪወርድ ድረስ እያንዳንዱ በሳምንቱ በክፍሉ የሆነውን አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ የእርማቷ ወረቀትም አልቀረችም። ድምፅ ያስተማረችን ወጣት መምህርት ትመራዋለች። ኮ ሃይ ፈተናውን ሳይወስዱ ጡረታ ወጡ፤ ቅዳሜ ግን አይቀሩም።

የመጨረሻው መልእክት በ2017 ሲደርሰኝ ዘጠኝ ሰዎች ቀርተው ነበር። ወጣቷ መምህርት ስማቸውን አንድ በአንድ ጽፋልኛለች። የአንደኛና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ናቸው። 12ኛ ክፍል የሚያስተምሩት ቀድመው ነበር የወጡት። የተማሪዎቻቸው የማጠናቀቂያ የእንግሊዝኛ ፈተና ከተሰጡት መልሶች ትክክለኛውን መምረጥ ብቻ ነው፤ መስማትና መናገር አይፈተኑበትም። ቅዳሜ ጠዋትን ለማስጠናት ይፈልጉታል።